የእትዬ አኳሪየም፦ አረንጓዴው ውኃ እንዴት እንደጠራ

ስልኬ የጮኸው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የደወሉት ከእኔ በታች ሁለተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጎረቤቴ ናቸው። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ኪዳን ለመድረስ ነጠላቸውን አጣፍተው ሊወጡ ሲሉ የሳሎኑን መብራት አበሩ። ዓሦቹ በሙሉ ውኃው አናት ላይ ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

"ልጄ፣ በእናትህ ድረስልኝ። ዓሦቼ ነፍሳቸው ሊወጣ ነው" አሉኝ።

"እትዬ፣ ምንም ነገር እንዳይጨምሩበት። መጣሁ" አልኳቸው።

ስገባ ውኃው አጓት መስሏል። አረንጓዴም ነጭም ያልሆነ ድፍርስ ነገር። ሁለት ጎልድፊሾች ሞተው ተንሳፈዋል። አንዱ በጎኑ ተኝቶ ክንፉን ብቻ ያርገበግባል። የቀሩት ሦስቱ አፋቸውን ከውኃው በላይ አውጥተው አየር ይጎርሳሉ። ዓሣ እንዲህ ሲሆን ወይ ውኃው ውስጥ ኦክስጅን አንሷል፣ ወይ የሚተነፍስበት ስንጥቡ ተጎድቷል። እዚህ ቤት ሁለቱም ደርሰው ነበር።

እትዬ ቤት "ኦክስጅን" የለም። ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች የአየር ፓምፑን እንዲህ ነው የሚሉት። ፊልተር አለ፤ ግን ውኃ የሚተፋበት አፉ ጠልቆ ስለተቀመጠ የውኃውን ገጽ አያንቀሳቅስም። ወጥ ቤት ገብቼ ጣሳ አመጣሁ። ከውኃው እየቀዳሁ፣ ክንድ ያህል ከፍ አድርጌ መልሼ አፈስሳለሁ። ውኃው ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል። ሲደክመኝ እትዬ ይቀበሉኛል። ለአርባ ደቂቃ ያህል እየተቀባበልን ቀዳን። ኪዳኑ ቀረባቸው። ሲነጋጋ ትርፍ ፓምፔን ከቤቴ አውርጄ ሰካሁት። ሦስቱ ዓሦች ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረዱ። በጎኑ የተኛው ግን በሁለተኛው ቀን ሞተ።

ይህን ጉዳይ ከነዝርዝሩ የምጽፈው ብዙ ቤት ተመሳሳይ ነገር ስለማይ ነው። እነዚያን ሦስት ዓሦች የገደላቸው ውኃውን አረንጓዴ ያደረገው አልጌ አይደለም። አልጌውን ቶሎ ለማጥፋት የተደረገው ነገር ነው የገደላቸው።

ገንዳው እንዴት እንደነበረ

አኳሪየሙ 80 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 40 ከፍታ አለው። ሲባዛ 112 ሊትር ነው። ጠጠሩና እስከ አፉ አለመሞላቱ ሲታሰብ በውስጡ 100 ሊትር ገደማ ውኃ አለ። የልጃቸው ነው። ልጁ ወደ ካናዳ ሲሄድ "እማዬ፣ አደራ" ብሎ ጥሎላቸው ሄደ። እሑድ እሑድ በቪዲዮ ሲደውል እትዬ መጀመሪያ የሚያሳዩት ዓሦቹን ነው። እንዲከሱበት አይፈልጉም። ብዙው ነገር የመጣው ከዚህ ፍቅር ነው፤ ስለዚህ ማንንም አልወቅስም።

ስድስት ጎልድፊሽ፣ ፕሌኮ የሚባል አንድ መስታወት የሚልስ ዓሣ፣ ከተክል ጋር የመጡ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ። ገንዳው የተቀመጠው በምሥራቅ በኩል ባለው መስኮት ሥር ነው። ክረምቱን ሰማዩ ደመና ስለነበር ችግር አልታየም። መስቀል አልፎ የጥቅምት ፀሐይ ሲወጣ ግን ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ሙሉ ብርሃኑ በቀጥታ ውኃው ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ አምፖሉ አለ። እትዬ ከኪዳን ሲመለሱ ያበሩትና ማታ ሲተኙ ያጠፉታል። "ጨለማ እንዳይፈሩ ብዬ ነው" አሉኝ። በቀን 14 ሰዓት ማለት ነው።

መጀመሪያ መስታወቱ ላይ አረንጓዴ አቧራ የመሰለ ነገር መጣ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አበቀለ። በጥቅምት አጋማሽ ውኃው ራሱ አረንጓዴ ሆነና ከኋላ ያለው ግድግዳ መታየት አቆመ።

እትዬ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ቢሾፍቱ ለዓመታት አስተምረዋል። "ተማሪዎቼን ይዤ አረንጓዴ ሐይቅን ሳሳያቸው የነበረው ነው ቤቴ የመጣብኝ" አሉ። በቀለሙ ልክ ናቸው። ነገሩ ግን ይለያያል። የቢሾፍቱውን ሐይቅ አረንጓዴ ያደረገው ስፒሩሊና እየተባለ የሚሸጠው ሳያኖባክቴሪያ፣ ማለትም እንደ አልጌ በብርሃን የሚያድግ ባክቴሪያ ነው፤ ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ውኃ ይስማማዋል። እትዬ ቤት ያለው በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ ለብቻው በዓይን የማይታይ አረንጓዴ አልጌ ነው፤ የትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ዋቅላሚ የሚለው። ለመለየት አንድ ብርጭቆ ቀድቼ ነጭ ሰሐን ላይ አስቀመጥኩት። ጭቃ ቢሆን ይዘቅጥ ነበር። ከሰዓት በኋላም አረንጓዴነቱ ከላይ እስከ ታች እኩል ነበር።

ጠጠሩ ከመስታወቱ ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ግን ሰማያዊ የሚያደላው ለምለም ሽፋን አየሁ። በጣት ሲነካ እንደ ወተት ስልባቦት አንድ ላይ ይላቀቃል። የረጋ ውኃ ሽታ አለው። ያኛው ሳያኖባክቴሪያ ነው። ይህን መለየት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ባክቴሪያ ስለሆነ ከፋርማሲ አንቲባዮቲክ ገዝተው ገንዳ ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። ፊልተሩ ውስጥ ያሉትንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፤ መድኃኒቱን የሚለምዱ ባክቴሪያዎችንም ያበዛል። እኛ በቀጭን ላስቲክ ቱቦ ስበን አወጣነው፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ አልተመለሰም።

ያቺ ሰማያዊ ጠርሙስ

እትዬ ውኃው አላማራቸውምና ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ ሄዱ። ሻጩ ትንሽ ጠርሙስ ሰጣቸው። ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። የዓሣ ሥዕል አለበት፤ ውስጡ ምን እንዳለ ግን አልተጻፈም። "ሁለት ክዳን ይጨምሩበት፣ በሁለት ቀን ይጠራል" ተባሉ። ለስንት ሊትር ውኃ እንደሆነ አልተጠየቁም። ፕሌኮውንም ያኔ ነው የሸጡላቸው፤ "ይሄ ያጸዳልዎታል" ብለው።

የመጀመሪያው ሌሊት ቀንድ አውጣዎቹ በሙሉ ከመስታወቱ ረግፈው ታች ቀሩ። ይህ ለእኔ ትልቁ ምልክት ነው። ቀንድ አውጣ ከምንም በፊት የሚሞተው መዳብ ሲነካው ነው። ሰማያዊው ቀለምም ከመዳብ ሰልፌት ጋር ይሄዳል። መዳብ አልጌ መግደሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካኖቹ ተመራማሪዎች ሙርና ኬለርማን ለውኃ ማጠራቀሚያዎች እንደሚያገለግል የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ነገር ግን ማጠራቀሚያ ሌላ፣ ሳሎን ውስጥ ያለ 100 ሊትር ሌላ ነው። መዳብ ሲበዛ የዓሣን ስንጥብ ያቆስላል። ውኃው ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድኑ ያነሰ ሲሆን ደግሞ መርዛማነቱ ይበረታል። አዲስ አበባ ውስጥ ከለገዳዲ የሚመጣውና ከአቃቂ ጉድጓድ የሚወጣው ውኃ ጠባያቸው አንድ አይደለም። አንዱ ሰፈር "ምንም አልሆነብኝም" ያለው መጠን ሌላው ሰፈር ዓሣ ሊጨርስ ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት የመጣው ከሞተው አልጌ ነው። አልጌው በአንድ ጊዜ ሲሞት ይበሰብሳል። የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ይበላሉ። ውኃው አጓት የመሰለው በእነሱ ነው።

ሦስተኛው ነገር የምንኖርበት ቦታ ነው። ይህን በብዙ መመሪያ ላይ አታገኙትም፤ መመሪያዎቹ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ አካባቢ ለሚኖር ሰው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ውኃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላውም ለዚህ ነው። በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ ያለ ውኃ በሊትር እስከ 9 ሚሊግራም ኦክስጅን ይይዛል። እዚህ 7 አይሞላም። ከመጀመሪያውም ትርፍ የለንም ማለት ነው። ሌላ አገር ዓሣውን የሚያንገላታ ስሕተት እዚህ ይገድለዋል።

ሰዓቱም ራሱ ይናገራል። አልጌ ቀን ቀን በብርሃን ኦክስጅን ያወጣል፤ ሌሊት ግን እንደ እኛው ይተነፍሳል፣ ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ የገንዳ ኦክስጅን ዝቅ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። እትዬን ስጠይቃቸው አንድ ነገር ነገሩኝና ልቤ ተነካ። ከመድኃኒቱ በፊትም ለሳምንታት፣ ለኪዳን ሲነሱ ዓሦቹን ከላይ ተሰብስበው ያገኟቸው ነበር። "ርቧቸው የሚለምኑኝ መስሎኝ፣ ሳልወጣ ቆንጠር አድርጌ እሰጣቸዋለሁ" አሉ። አየር ያጠረው ዓሣ ምግብ ይሰጠው ነበር። ያልተበላው ምግብ ደግሞ ይበሰብሳል።

ያቺ ቁንጥር

ሌላውን ሁሉ ባጭሩ አልፌ ይህን ላስረዝመው፤ የጉዳዩ ሥር እዚህ ነውና።

ከአደጋው በኋላ ባለው ሳምንት፣ ውኃው ትንሽ ሲረጋጋ፣ እትዬን ወደ ኋላ መልሼ ጠየቅኳቸው። ንጋት ላይ አንዲት ቁንጥር። ከቁርስ በኋላ አንዲት። የልጅ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመጡ እያንዳንዳቸው አንዳንድ፤ መጣላት እንዳይኖር። ማታ ራት ሲቀርብ ደግሞ አንዲት፤ "እኛ እየበላን እነሱ እያዩን እንዴት ይሆናል?" አልፎ አልፎ የዳቦ ፍርፋሪም አለ። ባለ 100 ግራሙ የምግብ ጣሳ በሦስት ሳምንት ያልቃል።

ቁጭ ብለን አሰላነው። በቀን 5 ግራም ገደማ ነው። ስድስቱ ዓሦች እያንዳንዳቸው የጣት ያህል ናቸው፤ ለሁሉም በቀን 1 ግራም ይበቃ ነበር። ጎልድፊሽ እንደ እኛ ምግብ የሚያቆይበት ጨጓራ የለውም። ሲሰጡት ይበላል፣ ወዲያው ያወጣል። ጣሳው ላይ ፕሮቲን 40 በመቶ ይላል። ከፕሮቲን ውስጥ 16 በመቶ ያህሉ ናይትሮጅን ነው። ከ5 ግራም ምግብ ሲሶ ግራም ያህል ናይትሮጅን ይገባል። ይህ በአሞንያና በናይትራይት አልፎ በፊልተሩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲለወጥ ክብደቱ ከአራት እጥፍ በላይ ይሆናል። ግማሹ ብቻ እንኳ ወደ ናይትሬት ቢደርስ፣ በ100 ሊትር ውስጥ በየቀኑ 7 ሚሊግራም በሊትር ይጨምራል። በየቀኑ! ፎስፌቱን ሳንቆጥር።

ናይትሬትና ፎስፌት ደግሞ ማዳበሪያ ናቸው። እትዬ ቤት ማዳበሪያው አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ የ14 ሰዓት አምፖል አለ። አልጌ ባይመጣ ነበር የሚገርመው።

"ግን እኮ ውኃ እጨምርለታለሁ" አሉ እትዬ። የሚጨምሩት በትነት የጎደለውን ነው። የሚተንነው ንጹሕ ውኃ ብቻ ነው፤ ናይትሬቱ እዚያው ይቀራል። ይህን ላስረዳቸው ስሞክር ቀደሙኝ። "አሃ፣ ጨው የበዛበት ወጥ ሲወፍር ውኃ እንደመጨመር ነው። ጨዉ የት ይሄዳል?" አሉ። እኔ ከዚህ የተሻለ አላስረዳም። ጨዉን ለመቀነስ ከወጡ መቅዳት ያስፈልጋል።

በመመርመሪያ ወረቀት ስናየው ናይትሬቱ በሊትር ከ100 ሚሊግራም በላይ ነበር፤ የቧንቧው ውኃ 10 ነው። ለዓሣ መርዝ የሆነው አሞንያም 1 ሚሊግራም ደርሷል። ጤነኛ ገንዳ ውስጥ ዜሮ መሆን ነበረበት። ፊልተሩን እትዬ በየሳምንቱ በቧንቧ ውኃ በደንብ ሲያጥቡት ኖረዋል። ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል፤ ስፖንጁ ንጹሕ ይሆናል፣ ሥራውን ግን ያቆማል።

ምን አደረግን፣ ምንስ ተውን

በአደጋው ጠዋት ጎረቤት ተሰብስቦ ነበር። አንዱ "ሁሉንም ደፍቶ በበረኪና ፍቆ መገላገል ነው" አለ። ቅን ሐሳብ ነው። ነገር ግን ለወራት በ100 ሚሊግራም ናይትሬት ውስጥ የኖረን ዓሣ ድንገት ንጹሕ ውኃ ውስጥ መክተት ሌላ ድንጋጤ ነው። በረኪና ደግሞ ጠጠሩና ስፖንጁ ውስጥ ከቀረ ዓሣውን ያቃጥለዋል። የዱቄት ሳሙናም እንዲሁ፤ አኳሪየም ውስጥ የገባ ስፖንጅ ሰሐን አይንካ፣ ሰሐን ያጠበ ስፖንጅ አኳሪየም አይግባ።

በመጀመሪያው ቀን ሩቡን ውኃ ቀየርን፤ 25 ሊትር። ሰፈራችን ውኃ በፈረቃ ስለሆነ እትዬ በበርሜል ያጠራቅማሉ። ለዚህ ጉዳይ ፈረቃው ጠቀመን። አፉ ተከፍቶ አንድ ሁለት ቀን የቆየ ውኃ ክሎሪኑ ይወጣል፣ ሙቀቱም ከክፍሉ ጋር ይመጣጠናል። በእጃቸው ነክተው አመዛዘኑ፤ የልጅ ገላ ማጠቢያ ውኃ እንደሚለካው። ፊልተሩ ውስጥ ለአኳሪየም የተዘጋጀ ከሰል ጨመርን፤ ከመዳቡ የተወሰነውን ይይዛል። የምድጃ ከሰል አይደለም፣ ይለያያል። ምግብ ለአራት ቀን ቆመ። እትዬ ይህ ከበዳቸው። "ጾም ነው ብለው ያስቡት፤ ለዓሣ ምንም አይደለም" አልኳቸው።

የወጣውን ውኃ ተክል ማጠጣት የለመዱ ሰዎች አሉ። ጥሩ ልማድ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቅያሬዎች ግን መዳብ ስላለባቸው ሽንት ቤት ደፋናቸው። ከዚያ በኋላ ያለው በረንዳ ላይ ላሉት ጤና አዳምና የጥብስ ቅጠል ሄደ።

በየሁለት ቀኑ ሩብ ሩብ እየቀየርን አሞንያው ዜሮ እስኪደርስ ስምንት ቀን ፈጀ። አረንጓዴው ግን አሁንም አለ። ከመድኃኒቱ የተረፈው መልሶ መራባት ጀምሯል። እዚህ ላይ ነው ጨለማውን ያመጣነው። የሚንሳፈፍ አልጌን ያለ መድኃኒት ለመቀነስ ከማውቀው ሁሉ አስተማማኙ ገንዳውን ለአራት ቀን ሙሉ በሙሉ ማጨለም ነው። ብርሃን ያጣ አልጌ በረሃብ ያልቃል፤ ዓሣ ግን ጨለማ አይጎዳውም። ሁለት ነገር ግን ግድ ነው። ዓሦቹ በደህና ሁኔታ ላይ መሆን አለባቸው፤ ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ያላደረግነው። የአየር ፓምፑም ሌሊትና ቀን መሥራት አለበት፤ በጨለማ ውስጥ አልጌው ኦክስጅን መስጠት አቁሞ መውሰድ ብቻ ስለሚሆን።

እትዬ አሮጌ ጋቢ አመጡ። አራት እጥፍ ስለሆነ ወፍራም ነው። አለበስነውና የስልኬን መብራት ከአንድ በኩል አበራሁ። በሌላው በኩል ነጣ ብሎ ይታያል። ጋቢ ነጭ ነው፣ ብርሃን ያሳልፋል። የቴሌቪዥን ካርቶን ቀደን በአራቱም በኩል አቆምንና ጋቢውን ከላይ ደረብንበት። ከላይ ለአየር የጣት ያህል ክፍተት ተውን።

በሦስተኛው ሌሊት መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8። እትዬ አልጠሩኝም። ወንበር ገንዳው አጠገብ አስጠግተው፣ ሻማ አብርተው፣ በየግማሽ ሰዓቱ አሥር አሥር ጣሳ ሲቀዱ ሲያፈሱ አመሹ። ጠዋት ሲነግሩኝ በጣም አዘንኩም ኮራሁም። በማግሥቱ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዛን። ከገዛነው ሁሉ ውዱ እሱ አልነበረም፤ የሚጠቅመው ግን እሱ ነው።

በአምስተኛው ጠዋት ካርቶኑን ስናነሳ ከኋላ ያለው ግድግዳ ይታያል። ውኃው ገና ጭጋግ አለበት፤ ያ የሞተው አልጌ ነው። ወዲያው ሩቡን ቀየርን፣ በሁለት ቀኑ ደግሞ ደገምን። ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ጨምቀን መለስን። በሳምንቱ ጠራ።

እንዳይመለስ

ማጥራቱ ቀላሉ ክፍል ነው። ማዳበሪያውና ብርሃኑ እንዳሉ ከቀሩ በወሩ ይመለሳል።

ገንዳውን ከመስኮቱ ማራቅ ፈልገን ነበር። 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፤ መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ለሁለት ሰው አይቻልም። ሞልቶ እንዳለ ማንሳት ደግሞ መስታወቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ወፍራም መጋረጃ ሰፋን፤ እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተዘግቶ ይቆያል። አምፖሉ ታይመር ባለው ሶኬት ላይ ተሰካ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3፣ ስድስት ሰዓት ብቻ። ማታ የልጅ ልጆቹ ሲያዩት ይበራል፣ ያ ይበቃል።

ምግቡን በቡና ማንኪያ ለካነው። ለቀሩት ሦስት ዓሦች ጠዋት ሩብ ማንኪያ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልጨረሱት በዝቷል ማለት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ምንም የለም። ዓርብን መረጡ። ልጆቹ በተራ ነው የሚሰጡት፤ ተራው ግድግዳ ላይ ተጽፏል። ዳቦ ቀርቷል።

በየሳምንቱ ቅዳሜ 25 ሊትር ይቀየራል። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። አራት ጊዜ ሩብ ሩብ ሲቀየር ግን፣ አዲስ ካልተጨመረ፣ ከነበረው ናይትሬት ሲሶ ያህሉ ብቻ ይቀራል። ያለ ድንጋጤ፣ በአንድ ወር።

ግድግዳቸው ላይ የሚሳብ፣ ቅጠሉ ልብ የሚመስል ፖቶስ አላቸው። ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጠን ሥሩ ብቻ ውኃው ውስጥ፣ ቅጠሉ ከላይ ሆኖ ከጠርዙ ጋር አሰርነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ነጭ ሥር አወረደ። አልጌው የሚበላውን ናይትሬት እሱ ይበላል። አንድ ጎረቤት እምቦጭ ከወንዝ ላምጣላችሁ ብሎ ነበር። እውነት ነው፣ እምቦጭ ናይትሬት በመምጠጥ ማን ይወዳደረዋል። ግን ጣና ላይ ያደረገውን እያየን እንዴት ብለን ቤታችን እናስገባዋለን? አንዲት ቁራጭ ከቅያሬው ውኃ ጋር ወደ ቦይ ብትወጣ ወንዝ ትደርሳለች። አልነካነውም።

ጠጠሩ ላይ ያለውን ፀጉራም አልጌ በጥርስ ብሩሽ እየጠቀለልን አወጣን። የፕላስቲክ ተክሎቹንና ድንጋዮቹን በረንዳ ላይ ለሦስት ቀን ፀሐይ አሰጣናቸው፤ ሲደርቅ ያለ ምንም ኬሚካል ይሞታል። የፊቱን መስታወት እትዬ በአሮጌ የባንክ ካርድ ይፍቁታል። የማዕድ ቤት ሽቦ መስታወቱን ይጭረዋል፤ በጭረቱ ውስጥ የሚቀመጠው አልጌ ደግሞ አይወጣም።

ፕሌኮው ሄደ። ሰው "አጽጂ" ይለዋል፤ የሚንሳፈፈውን አልጌ ግን አይነካም። እየበላ ራሱ ብዙ ያቆሽሻል። አድጎ ከ30 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ጎልድፊሾቹ ላይ ተለጥፎ ገላቸው ላይ ያለውን ልጋግ ይልስ ነበር፤ አንዷ ጎኗ ላይ ቀይ ምልክት አወጣች። ትልቅ ገንዳ ያለው ሰው ወሰደው።

የኋለኛውን መስታወት ሆን ብለን አልፋቅነውም። ስስ አረንጓዴ ምንጣፍ ለብሷል። እትዬ መጀመሪያ አልተስማሙም። ዓሦቹ ቀን ቀን እየሄዱ ሲለቅሙት ሲያዩ ግን ተዉት። ያ አረንጓዴ እዚያ ተለጥፎ እስካለ ድረስ ናይትሬቱን እየበላልን ነው። ቀለሙ ድንገት ከወፈረ ደግሞ ልጆቹ ተራ ጥሰው እንደመገቡ እናውቃለን።

በዘጠነኛው ሳምንት ናይትሬቱ 25 ሆነ። ቀንድ አውጣዎች ከፖቶሱ ሥር መልሰው ታዩ፤ መዳቡ ለመውጣቱ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አልነበረንም። ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንድ ጠዋት ደረጃ ላይ ተገናኘን። እትዬ ከኪዳን እየተመለሱ ነው። "ዛሬም መብራት ሳበራ ሦስቱም ታች ድንጋዩ ሥር ተኝተዋል" አሉኝ። አሁን ሲያድጉ ለ100 ሊትር ሦስቱም ይበዛሉ። ልጁ እሑድ ሲደውል ተማክረን፣ ለሁለቱ ሰፋ ያለ ገንዳ ያለው ሰው መፈለግ ጀምረናል።